«እሷስ ምን አለች?» የእስያን የፍቅር ድራማዎች በምን እንመዝን

ዛሬ ለእናንተ ለወረታና ለፎገራ ሰዎች የምናገረው ስለ ፍቅር ድራማ ነው። ርእሱ ቀልሎ ከታያችሁ አልፈርድባችሁም። ስለ ሩዝ ዋጋ ወይም ስለ ርብና ጉማራ ሙላት ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ሳብ አድርጋችሁ ትሰሙ እንደነበር አውቃለሁ። ይሁንና ከእራት በኋላ ቴሌቪዥን ሲከፈት፣ ወጣቱ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር፣ ፊልም በሚሞሪ ካርድ ሲጫን ሰዓታችንን የሚወስደው በአብዛኛው ይኸው ነገር ነው። ሰዓታችንን የሚበላውን ነገር ደግሞ መመርመር ነውር የለውም።

እኔ የእስያ የፍቅር ድራማዎች ወዳጅ ነኝ። የቱርኩን (ቱርክን እስያ ማለቴ የጂኦግራፊ መምህራንን ካላስቀየመ)፣ የኮሪያውን፣ የጃፓኑን፣ የቻይናውንና የታይላንዱን እከታተላለሁ። በወንድና በሴት መካከል ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ በሩቅ ምሥራቅ ‹ቦይስ ላቭ›፣ ባጭሩ ‹ቢኤል› የሚባለውን፣ በሁለት ወንዶች መካከል ያለን ፍቅር የሚተርከውን ዘርፍም ጭምር ማለቴ ነው። ወዳጅ ነኝ ማለት ግን ጠበቃ ነኝ ማለት አይደለም። ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የማደንቃቸው አሉ፤ ፊት የምነሣቸውም አሉ። መለያዬ አንድ ነው። የትወናው ጥራት፣ የልብሱ ውበት፣ የመሳሳሙ ብዛትና ማነስ ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው፣ በታሪኩ ውስጥ የተፈለገው ሰው ተጠይቋል ወይ? እምቢ ሲልስ ታሪኩ እምቢታውን ያከብራል ወይስ የኋላ ኋላ እሺ የሚል ሞኝ አድርጎ ይሥቅበታል? የሚለውን ነው። የፍቅር ድራማ ከዚህ ጥያቄ ካመለጠ፣ ፍቅር የሚለውን ስም በከንቱ ይዞታል ባይ ነኝ።

በየምዕራፉ እየተቆረጠ የሚቀርብ የፍቅር ታሪክ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር የጎረቤት ነገር አድርጎ ይከታተል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በሳተላይት ሲመጣ ያገኘው እንግዲህ ማዳመጥ የለመደ ሕዝብ ነው። «ኩዜ ጉኔ» እና «ጥቁር ፍቅር» የቱርክ ሥራዎች ነበሩ፤ ተዋንያኑ ግን አማርኛ ተናገሩ፣ በአማርኛ ተጣሉ፣ በአማርኛ ታረቁ። የሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ያኔ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቃወሙ። ሥራችንን ይቀማል፣ ባህላችንን ይበርዛል አሉ። ሥራን በተመለከተ ያነሡት ስጋት ባዶ አልነበረም፤ የተሠራን ነገር ድምፅ መቀየር አዲስ ድራማ ከማዘጋጀት ይረክሳልና። የባህሉን ነገር ግን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ እኔ ራሴ የምከሳቸውን ላስቀድም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኮሪያው ኬቢኤስ የታየው «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» መነሻው የጃፓኗ ካሚዮ ዮኮ የሥዕል ታሪክ ነው። በእስያ እጅግ ከተወደዱት ድራማዎች አንዱ ሲሆን፣ ኮሪያን በድራማ የሚያውቅ ወጣት ሁሉ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ጃን-ዲ የላውንደሪ ቤት ልጅ ናት፤ ጁን-ፕዮ ደግሞ የከበርቴ ልጅ። አንድ ቀን ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች ይዘዋት ይሄዳሉ። ስትነቃ ራሷን የምታገኘው በማታውቀው ግዙፍ ቤት ውስጥ ነው። ገላዋን የሚያሹ፣ ጸጉሯን የሚሠሩ፣ ውድ ልብስ የሚያለብሱ ሰዎች ከበዋታል። ልጁ ይህን ሁሉ ያደረገው ስለ ወደዳት ነው። ልጅቱ እንደማትገዛ ነግራው ትወጣለች፤ እስከዚህ ድረስ ድራማው ከእሷ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰዓታት የሚፈጀው እሷን ለማላላት ነው፤ በመጨረሻም ለጋብቻ የሚጠይቃት እሱ ነው። ሙዚቃው ይለሰልሳል፣ ካሜራው ይቀርባል፣ ተመልካቹም የመጀመሪያውን ቀን ይረሳል። እስቲ ሙዚቃውን አጥፍተን፣ መኪናውን በፈረስ ለውጠን፣ ያንን ቤት ከጉማራ ማዶ ባለ አንድ መንደር እናስቀምጠው። ስሙን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ጠለፋ ነው።

ጠለፋን ሕጋችን እንዴት ሲያየው እንደኖረ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይናገራል። የሚገርመው፣ ቱርክም የደፈራትን ሴት ላገባ ሰው ምሕረት ታደርግ የነበረችበትን ድንጋጌ የሻረችው በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 አዲሱ የቅጣት ሕጓ ሲጸና ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ «ፋትማጉል» የተባለው ታዋቂ ድራማ በቱርክ ቴሌቪዥን ጀመረ። ፋትማጉል በቡድን የተደፈረች የገጠር ልጅ ናት፤ የጥፋተኞቹን ስም ለመሸፈን ሲባል በዚያች ሌሊት ከነበሩት ወጣቶች አንዱን እንድታገባ ትገደዳለች። ድራማው ያን ግፍ ያወግዛል፤ ልጅቱ ፍርድ ቤት እስክትቆም ድረስ ይከተላታል፤ ይህ ክብሩ ነው። ግን የተገደደችበትን ባል ቀስ በቀስ የፍቅሯ ሰው ያደርገዋል። ሕጉ የሻረውን ነገር ድራማው በጓሮ በር አስገባው ብል አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን እላለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ ጠንካራም ነው። «ድራማ ያለ ግፍ አይቆምም፤ ክፉ ካልተሠራ ታሪክ የለም፤ አንተ የምትፈልገው የስነ ምግባር ትምህርት ነው» የሚል። እውነት ነው፣ ታሪክ ግፍ ይፈልጋል። እኔ የምለው ግን ግፍን ማሳየትና ግፍን መሸለም የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ልብ አንድ ቀን እንኳ አይጠይቁም፤ ለዘር ክብር ሲሉ ጠያቂውን ሁሉ ይመልሳሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ፊታውራሪን አይሸልማቸውም፤ ትዕቢታቸው ቤታቸውን ሲያፈርስ ያሳየናል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ያበቃው «ድፍረት» ፊልም ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችን ልጅና ለእሷ የቆመችን የሕግ ባለሙያ ታሪክ ይዞ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ዘረሰናይ ከሁለት ዓመት በኋላ ቃናን ካቋቋሙት አንዱ መሆኑ የነገሩን ውስብስብነት ያሳያል። ከዚህም የባሰ አለ። ያው ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ የቆመው፣ ታሪኩ የእሷ የሆነችው ሴት ያለ እኔ ፈቃድ ነው ብላ በመክሰሷ ነው። ነገሩ በኋላ ተፈታ። ስለ ፈቃድ የሚሠራ ፊልም እንኳ ፈቃድ መጠየቅን ሊዘነጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ቢኤል ልለፍ፤ አዳራሹ ጸጥ እንደሚል ስለማውቅ ዳር ዳር አልልም። ይህን ዘርፍ የፈጠሩት ሴቶች ናቸው፤ በብዛት የሚያነቡትና የሚያዩትም ሴቶች ናቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ሃጊዮ ሞቶ እና ታኬሚያ ኬይኮ ያሉ ጃፓናውያን የሥዕል ታሪክ ደራሲያን ለልጃገረዶች በሚታተሙ መጽሔቶች ላይ የወንድ ልጆችን ፍቅር መሣል ጀመሩ። ለምን ሴቶች ስለ ወንዶች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በዘመኑ የልጃገረዶች ታሪክ ውስጥ ሴቷ ተመራጭ እንጂ መራጭ መሆን ስላልተፈቀደላት፣ ደራሲያኑ ማንም በማንም ላይ በጾታው ጌታ የማይሆንበትን ፍቅር ለመሞከር ፈለጉ የሚል ነው። ማብራሪያው ሁሉንም ሥራ ባይገልጽም እኔን ያሳምነኛል። ከዘርፉ የተሻሉት ሥራዎች እኩያ ለእኩያ የሚደረግ ጥያቄ ላይ የተገነቡ ናቸውና።

አንዱን ቀረብ አድርገን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቲቪ ቶኪዮ የታየው የጃፓኑ «ቼሪ ማጂክ» አዳቺ የተባለ ዓይን አፋር የቢሮ ሠራተኛን ታሪክ ይዟል። አዳቺ 30 ዓመት ሲሞላው የነካውን ሰው ሐሳብ መስማት ይጀምራል። የሥራ ባልደረባው ኩሮሳዋ፣ ያ ቆንጆና ሁሉ የሚያደንቀው ሰው፣ በልቡ እንደሚወደው የሚያውቀው በዚህ ነው። አንድ ማታ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለመጠጥ ተሰብስበው በጨዋታ ዕጣ ሁለቱ እንዲሳሳሙ ይታዘዛሉ። ባልደረቦቹ ያጨበጭባሉ፤ አለቃ አለ፣ ሣቅ አለ፣ እምቢ ማለት ጨዋታ ማበላሸት ነው። ኩሮሳዋ ለዓመታት የተመኘው ነገር በዕጣ እጁ ገብቷል። ጠጋ ሲል ግን አዳቺ እንደፈራ ያያል፤ ግንባሩን ሳም አድርጎት ይተወዋል። ይኸው ነው ትዕይንቱ። ማንም አልተጠለፈም፣ ማንም አልጮኸም። አዳቺም ሆነ ተመልካቹ ይህን ሰው ማመን የሚጀምሩት ከዚህች ቅጽበት ነው። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ድራማ በሙሉ የቆመው በዚህች መተው ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የቻይናው «ዘ አንቴምድ» ደግሞ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ድራማ መነሻው የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርክ ልቦለድ ነው፤ የቻይና የቴሌቪዥን ደንብ ስለማይፈቅድ ግን በ50ው ክፍል ፍቅሩ የወዳጅነት ልብስ ለብሶ ነው የሚሄደው። ሰምና ወርቅ የሚማሩበት ቅኔ ቤት በማይጠፋበት በዚህ ሀገር፣ ተመልካቹ ልብሱን እንዴት እንደገለጠው ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔ የምወድደው፣ ላን ዋንግጂ የተባለው ዝምተኛ ሰው ወዳጁን ከአደጋ ለማዳን ወደ ቤቱ ሊወስደው ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ ኃይሉ እያለው ያለ ፈቃዱ አለመውሰዱን ነው። ዘርፉ ሁሉ እንዲህ ንጹሕ ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በዚያው ዓመት የወጣው የታይላንዱ «ታርንታይፕ» ሰክሮ የተኛን ሰው ሳይጠይቁ መንካትን ከፍቅር መንገዶች እንደ አንዱ ያልፈዋል። ለኮሪያው ከበርቴ ልጅ ያልሰጠሁትን ምሕረት ለዚህም አልሰጥም።

«የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይከለክላል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይቃወሙታል፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ በዚህ አዳራሽ ምን አመጣው?» የሚለኝ ሰው በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ የአባቶችንም አቋም አውቃለሁ፤ ዛሬ የቆምኩት ስለ አንድ ሙያ፣ ስለ ታሪክ አተራረክ ለመናገር ነው። ይህ ዘርፍ በቴሌቪዥናችን አይታይም፤ በስልክ ግን ይታያል፤ የሚያዩት ወጣቶች መኖራቸውን እያወቁ አላወቅሁም ማለት ዝምታን ጥበብ ማስመሰል ነው። አንድ ሰው በሃይማኖቱ የማይቀበለውን ሕይወት የሚተርክ ታሪክ ውስጥ እውነተኛ ነገር ሊያገኝ ይችላል። የአረመኔ ነገሥታትን ታሪክ እያነበብን ስለ ፍትሕ የተማርን ሰዎች ነን። ኩሮሳዋ የፈራን ሰው አለመንካቱ ትክክል ከሆነ፣ ትክክል የሆነው በጃፓን ብቻ አይደለም።

ወደ ባህሉ ክስ ልመለስ። «ከባዕድ የመጣ ነገር ባህል ይበርዛል» የሚለውን ፎገራ ላይ ቆሞ መናገር ይከብዳል። ይህ ሜዳ ዛሬ በሩዝ የታወቀ ነው፤ ሩዙም ከእስያ ነው የመጣው። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራና በፎገራ በነበሩት የጅግናና የሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት ሲያስጀምሩት ውኃ ተኝቶበት ለከብት ግጦሽ ይውል የነበረው መሬት ነው የታረሰው። ገበሬው ግን የተሰጠውን ሁሉ አልዋጠም። ነጭ ፍሬ ያለውን፣ ለእንጀራ የሚሆነውን፣ ገበያ የሚያነሣውን መረጠ። እናቶች ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ጋገሩት፣ ገለባው ለከብት ሆነ፣ የዘሩም ስም ኤክስ-ጅግና ተባለ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ወረታ ነው። ድራማውን አትከልክሉ፣ እንደ ሩዙ አበጥሩት የምለው ለዚህ ነው። ለማበጠር ግን ወንፊት ያስፈልጋል፤ «የእኛ ነው ወይስ የባዕድ?» የሚለው ወንፊት ቀዳዳው እጅግ ሰፊ ነው። ጠለፋ የራሳችን ነበር፤ መጠየቅ ደግሞ የሁሉም ነው።

የመጨረሻው መቃወሚያ ከሽማግሌዎቻችን የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት ልየው። «እኛ ልጆቻችንን የምንድረው በሥርዓት ነው፤ ፍቅር ከጋብቻ በኋላ ይመጣል፤ ይህ ድራማ ልጆቹን በወላጅ ላይ ያስነሣል» ይባላል። ሥርዓቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። አባት ቀጠሮ ይሰጣል፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የከብቱ፣ የመሬቱ፣ የጥሎሹ ነገር ይነሣል። ቃሉ ያማረ ነው፣ ትሕትናው ያማረ ነው። በዚያ ሁሉ ንግግር መካከል ልጅቱ ብዙ ጊዜ ጓዳ ናት፤ ቡናው ይመጣል፣ ድምጿ አይመጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል፤ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 አድርጎታል። ያለዕድሜ ጋብቻ ግን ክልላችንን ዛሬም አልለቀቀም። ሽማግሌ ይቅር አላልኩም። ሽማግሌው ቆሞ ሳለ አንድ ጥያቄ ወደ ጓዳ ቢልክ ሥርዓቱ ይከብራል እንጂ አይዋረድም። ልጅን በወላጅ ላይ የሚያስነሣው ድራማው ሳይሆን ሳይጠየቁ መዳር ነው፤ ድራማው ቢበዛ ቃል ያውሳታል።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። ከባዕድ እየመረጣችሁ በአማርኛ ለምትተረጉሙና ለምታቀርቡ፦ ቆንጆ ፊትና የተመልካች ብዛት ብቻ አይታችሁ አትምረጡ፤ ጠላፊውን ሙሽራ የሚያደርገውን ታሪክ ተዉት፣ ወይም ስታቀርቡት ምን እንደሆነ በስሙ ጥሩት። ለመጻፍ ለምትሞክሩ የዚህ አካባቢ ወጣቶች ደግሞ፦ የቱርክ ቪላና የሴኡል ፎቅ አታስመስሉ። ሩዝ ታጭዶ በገባበት፣ በጥር የሠርግ ወቅት፣ 10ኛ ክፍል ያለች ልጅ ቤት ሽማግሌ የመጣበትን ቀን ጻፉ፤ እሷ የምትለውንም አስገቡ። ያንን ድራማ እዚህ ወረታ ተሠርቶ ባየው፣ የኮሪያውን ሁሉ አስቀምጬ እሱን እከታተላለሁ።